ሲራራው ሲመለስ የቀሩት

የጉዞ ድርጅቶች ዛሬ ከቡድን ጉብኝት ጋር አንድ ትንሽ ምርጫ አያይዘው ይሸጣሉ። ቡድኑ እሑድ ወደ አገሩ ሲበር፣ የፈለገ ሰው እስከ ረቡዕ ይቀመጣል። አስጎብኚ የለው፣ አውቶቡስ የለው፤ ከተማውን በራሱ እግርና በራሱ ሰዓት ያያል። ነገሩ የዘመናችን ነፃነት ተደርጎ ይወራለታል፤ ስልክና የባንክ ካርድ የወለዱት፣ ከሰው ተነጥሎ ለመሄድ የሚደፍር መንገደኛ የፈጠረው ነው ይባላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን እንደዚያ አይደለም። ከቡድን ኋላ መቅረት እንደ ቡድን ጉዞ ራሱ ያረጀ ልማድ ነው፤ ያቆየውም የመንገደኛው ድፍረት ሳይሆን እሱ ከመድረሱ በፊት ከተማው ውስጥ የተሠራ ቤት ነው። በር ከፍቶ የሚቀበል፣ ለአገሩ ሹም ዋስ የሚሆን፣ የሚያስተረጉም ቤት በነበረበት ሁሉ ሰዎች ቀርተዋል፤ እንዲህ ያለ ቤት በሌለበት ግን መቅረት መጥፋት ነበር። ለዚህ ከኢየሩሳሌም መንገድ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቡድኑ በመጀመሪያ ለምን እንዳስፈለገ እንይ። በአገር ቤት ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲመሽበት ከአንድ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። ይህ ጥሪ የሚሠራው ግን ትርጉሙን የሚያውቅና ለእምቢታው ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ባለበት አገር ነው። በቀይ ባሕር ዳር ካለው ከሱዋኪን በረሃ ወዲያ መልስ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የተነሣ መነኩሴ ስንቁን ቋጥሮ ሲራራ ይጠብቃል። ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ሲራራ ጽፏል። ተሳላሚዎቹ የሚነሡት ለሰሙነ ሕማማት ኢየሩሳሌም ለመድረስ አስበው ነበር። 336 መነኮሳት ያሉበት፣ ሴቶች መነኮሳይያትም የተቀላቀሉበት ጉዞ ነው። ሱዋኪን አካባቢ ሲደርሱ ተወረሩ፤ ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፣ ወጣቶቹ በባርነት ተሸጡ፣ ያመለጡት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ሆኖ መሄድ ካላዳነ፣ ብቻ መሄድ የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ ቡድን ስንል ርካሽ ዋጋና የጋራ ምሳ ይታየናል፤ ያኔ ቡድን ማለት በሕይወት መድረስ ነው።

ቬኒስ ይህን ፍርሃት ንግድ አደረገችው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቅድስት አገር የሚሄድ አውሮፓዊ መጀመሪያ ወደ ቬኒስ ይወርዳል። ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ የመርከብ አለቆች ነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ሰንደቅ ይተክላሉ፤ ከሰንደቁ ሥር አገልጋዮቻቸው ቆመው መንገደኛውን ይሻማሉ፣ የተቀናቃኛቸውን መርከብም ያጥላላሉ። ከጀርመን ከተማ ከኡልም የመጣው የዶሚኒካን መነኩሴ ፌሊክስ ፋብሪ በ1483 ያየውን ጽፎ ትቶልናል፤ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ጓዙን ይዞ የቆመ ሰው ትዕይንቱን ለመገመት አይቸገርም። ፋብሪና ጓደኞቹ ከመርከቡ አለቃ ጋር የተዋዋሉት ውል አንቀጽ በአንቀጽ ተርፏል። ዋጋው በነፍስ ወከፍ 40 ዱካት ነው፤ ግማሹ ቬኒስ ላይ፣ ግማሹ ያፋ ወደብ ሲደርሱ ይከፈላል። አለቃው በቀን ሁለት ጊዜ ያበላል፣ የአህያ ኪራይና የመንገድ ቀረጥ ይችላል፣ ተሳላሚዎቹን ሳያጣድፍ በቅድስት አገር ያቆያል፤ ለሚይዟቸው ዶሮዎች እንኳ መርከቡ ላይ ቦታ ይሰጣል። ከእነዚህ አንቀጾች መካከል አንዱ ለጉዳያችን ከሁሉም ይበልጣል፦ ከኢየሩሳሌም ከቡድኑ ተለይቶ ወደ ሲና ተራራ፣ ወደ ቅድስት ካትሪን ገዳም ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ አለቃው ከተቀበለው ገንዘብ 10 ዱካት ይመልስለታል። ውል ጸሐፊ ደርሶ ለማያውቅ ነገር አንቀጽ አያባክንም። ኋላ መቅረት እንግዳ ነገር ቢሆን ኖሮ ዋጋ አይተመንለትም ነበር፤ የዋጋው ሩብ ተመላሽ መሆኑ ቀሪዎች በየጊዜው እንደነበሩ፣ መርከበኛውም በዚህ እንደለመደ ይነግረናል።

ፋብሪ ራሱ ለምን መቅረት እንዳስፈለገው አልደበቀም። በ1480 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ ከመላው ቡድን ጋር ቅድስት አገር ውስጥ የቆየው ከ9 ቀን አልበለጠም። በእነዚያ ቀናት ሌት ተቀን እየተሯሯጡ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ተነዱ፤ አገሩ ሲገባ ያየው ሁሉ በጭጋግ ውስጥ የታየ ሕልም መሰለበት። ለዚህ ሲል ነው ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና የተነሣው። በሁለተኛው ጉዞ ብዙኃኑ ወደ መርከቡ ሲመለሱ እሱና ጥቂት ሌሎች ቀሩ፤ አንድ ወር ያህል ኢየሩሳሌም ቆይተው በነሐሴ 24 ቀን 1483 ወደ ሲና ተጓዙ፤ በካይሮና በእስክንድርያ አድርገው በ1484 መጀመሪያ ቬኒስ ገቡ። ከቀሪዎቹ አንዱ የማይንዝ ከተማው ባለሟል በርንሃርት ፎን ብራይደንባህ ነበር፤ ሠዓሊም ይዞ ነበር የመጣው። በ1486 ያሳተመው መጽሐፍ በሥዕል ከታጀቡት የጉዞ መጻሕፍት የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል፤ በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ሐበሾችም ሥዕላቸው ገብቶበታል። የ9 ቀኑ ጉብኝት ሕልም አተረፈ፣ የመቅረቱ ወር ግን መጽሐፍ።

ይህን ያየ ሰው «ድፍረት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ መርሳት የሌለብን ሌላ ሰነድ አለ። ተሳላሚዎቹ ገና በኢየሩሳሌም መንገድ ላይ ካለችው ከራምላ ሲደርሱ የጽዮን ተራራ ፍራንሲስካውያን አለቃ የሚያነብላቸው የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ነበር፤ ፋብሪ ዘርዝሮታል። ከድንጋዩ ስባሪ አትውሰዱ፣ የቤተሰባችሁን አርማ ግድግዳ ላይ አትሣሉ (ጎብኚ ስሙን የመቧጨር አመሉ ያኔም ነበረበት ማለት ነው)፣ ደግሞም የአገሬው መሪ ሳይኖር ብቻችሁን ወደ ቅዱሳን ቦታዎች እንዳትወጡ። ኢየሩሳሌም በማምሉኮች እጅ ነች፤ ብቻውን የሚንከራተት ባዕድ ሰላይ ሊባል ይችላል፣ ቢታሰር ማን ይመሰክርለታል? ለቀሪዎቹ ይህን እገዳ ያላላው የልባቸው ጥንካሬ አይደለም። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በከተማው የተቀመጡት ፍራንሲስካውያን ሹሞቹን ያውቁ ነበር፤ ማን ምን እንደሚበላ፣ የትኛው አስተርጓሚ እንደሚታመን፣ ለግመል ባለቤት ስንት እንደሚከፈል ያውቁ ነበር። የሲና ጉዞ ውል የተፈረመውም በአስተርጓሚዎች በኩል ነው። ፋብሪ ከቡድኑ ወጥቶ ወደ ባዶ ሜዳ አልገባም፤ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ እንጂ።

የኛ ታሪክ ይህን ነጥብ ከቬኒስ ውል በላይ ያጠነክረዋል። ኢትዮጵያውያን በኢየሩሳሌም ቤት ካቆሙ ብዙ መቶ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድም ራሱ በቤቶች የተሰናሰለ ነበር፦ በላይኛው ግብፅ ደብረ ቁስቋም፣ በካይሮ ሐራ ዙዌላ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከባሕር ማዶም ቆጵሮስ። በእያንዳንዱ ግዕዝ የሚያነብ፣ ጾሙን በራሱ አቆጣጠር የሚይዝ ማኅበር ነበር። ሲራራው ለትንሣኤ ደርሶ ሲመለስ አንዱ «እዚሁ እቀራለሁ» ማለት የሚችለው ለዚህ ነው። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ የቀረ ሰው ቀጣዩ ሲራራ እስኪመጣ ይቆያል፣ ያም ቢያንስ ዓመት ነው። ዛሬ ተጨማሪ ቀናቱን የሚወስነው የመንገደኛው ፍላጎት ይመስለናል፤ በጥንቱ ዘመን የሚወስነው ቀጣዩ መጓጓዣ ነበር። ዓመት ሙሉ የሚያስጠልል ቤት ከሌለ ደግሞ ምርጫው ራሱ የለም።

ቀሪዎቹ የሠሩትን እንይ። በ1441 ፍሎሬንስ ላይ ለተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የደረሱት ኢትዮጵያውያን ከንጉሠ ነገሥቱ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግቢ የተነሡ አልነበሩም፤ የኢየሩሳሌሙ ማኅበር አለቃ አባ ኒቆዲሞስ የላካቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሮምም የመንገዱ ተቀጥላ ሆነች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለሐበሻ ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነች፤ እስከ ዛሬም በእነሱ ስም ትጠራለች። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮም የሐበሾችን ዜማ ሰምቶ ቋንቋውን ለመማር የቻለው እዚያ ባገኛቸው ሰዎች ነው። በኢየሩሳሌም በኩል የመጣው መነኩሴ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል አስተማረው፤ በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ታተመ። በዓለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። በ1530ዎቹ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቹ ጋር በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ገባ፤ በ1548 የጀመረው የግዕዝ አዲስ ኪዳን ኅትመት በተከታዩ ዓመት ተጠናቀቀ። የማተሚያው ሠራተኞች ፊደሉን አያውቁም፣ መነኮሳቱ ማተም አያውቁም፤ ተስፋ ጽዮን ለስሕተቱ ይቅርታ ሲጠይቅ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ሠራነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ልብ የሚነካው ግን ትሕትናው ብቻ አይደለም። ያንን ሥራ ለመሥራት ሰውየው የእንጀራና የአልጋ ጭንቀት ሳይኖርበት ዓመታት መቀመጥ ነበረበት፤ ያስቀመጠውም ያ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነው። በ1649 ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ሮም ሲመጣ አማርኛ ያስተማረውን አባ ጎርጎርዮስን ያገኘውም እዚያው ነው።

በሙስሊሙም ወገን ታሪኩ ያው ነው። በካይሮው አል አዝሐር ሪዋቅ አል ጀበርት የሚባል፣ ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጡ ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ ነበር። የግብፅ ትልቁ ታሪክ ጸሐፊ አብዱረሕማን አል ጀበርቲ ስሙን የወሰደው ከዚያ ዘር ነው፤ ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት አገር ተነሥቶ፣ ሐጁን አድርጎ፣ በመካና በመዲና ቆይቶ ወደ ካይሮ መጣ፣ በሪዋቁም ተቀመጠ። በ1798 ናፖሊዮን ካይሮ ሲገባ የሆነውን ለዓለም በዝርዝር የጻፈው የዚያ ቀሪ ሐጃጅ ሰባተኛ ትውልድ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «እነዚህ ሰዎች ተሰደዱ እንጂ ጉብኝታቸውን አላራዘሙም፤ ሦስት ቀን ሆቴል የሚያድር ቱሪስትና ዕድሜውን ሮም የፈጸመ መነኩሴ ምን ያገናኛቸዋል?» ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ተስፋ ጽዮን አገሩ በግራኝ ጦርነት እየነደደች ስለነበር መመለሻም አልነበረው። ነገር ግን ስደትና መቆየት በአንድ በር ነው የሚገቡት። ኢየሩሳሌም የቀረ ሁሉ ሊሞት አልቀረም፤ እስከሚቀጥለው ፋሲካ ብሎ የቀረ፣ ሮምን አይቶ ልመለስ ብሎ የሄደ፣ ከዚያም እስከ እስፓኝ የቅዱስ ያዕቆብ መቃብር ድረስ የዘለቀ አለ። የመጀመሪያው ውሳኔ ከአንድ የዛሬ ጎብኚ ውሳኔ አይለይም፤ ቡድኑ ይሂድ፣ እኔ ትንሽ ልቆይ ነው። ያ «ትንሽ» ዓመት ይሁን ዕድሜ የሚታወቀው በኋላ ነው። ለአጭር ጊዜ የቀረውን ብቻ ለማየት ብንፈልግ እንኳ ፋብሪ አለ፤ አንድ ወር ያህል ኢየሩሳሌም ቆይቶ፣ ሲናን አይቶ ቤቱ ገብቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይስበኛል፤ ማንም ሳይቀበላቸው በድፍረት ብቻ ከቡድን የተነጠሉ ጀብደኞች አሉ ይባላል። ከሁሉም የሚጠቀሰው ጣሊያናዊው ሉዶቪኮ ዲ ቫርቴማ ነው። በ1503 ከደማስቆ ከሐጅ ሲራራ ጠባቂዎች ጋር ተደባልቆ መካ ገባ፤ ሲራራው ወደ ሶርያ ሲመለስ ግን ጠፍቶ ቀረ። ያገር ጀብዱ ነው! ነገር ግን ወዴት ነው የጠፋው? አንድ የመካ ነጋዴ ቤት ውስጥ ነው የተደበቀው፤ ሲራራው እስኪርቅ የነጋዴው ቤተሰብ ሸሸገው። ያ ቤት ከኋላው ከቀረ በኋላ የመን ሲደርስ ኤደን ላይ ሰላይ ተብሎ ታሰረ። (እስራቱን ካመለጠ በኋላ ዘይላንም አይቷል፤ መጽሐፉ በ1510 ሮም ታተመ።) ጀርመናዊው ባላባት አርኖልት ፎን ሃርፍም በ1496 ከኮሎኝ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን አይቷል፤ በዚያው ጉዞ በኢትዮጵያ አድርጌ እስከ ዓባይ ምንጭ ደረስኩም ብሏል። የታሪክ ሊቃውንት የኢየሩሳሌሙን ይቀበላሉ፤ የዓባዩን ምንጭ ልብ ወለድ ነው ይሉታል። ተቀባይ ቤት በነበረበት መንገድ ይታመናል፣ በሌለበት አይታመንም። ለክርክሬ ይህን ያህል የሚያግዝ ውሸታም አላገኘሁም።

ታዲያ ለውጡ መቼ መጣ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ለውጡም ቤቱ ቀርቶ ሳይሆን ቤቱ የሚገዛ ሆኖ ነው። ቶማስ ኩክ በሐምሌ 5 ቀን 1841 ከሌስተር ወደ ላፍበራ 500 ያህል ሰው በባቡር ሲወስድ ሥራው ንጹሕ የቡድን ሥራ ነበር፤ ዋጋውም አንድ ሺሊንግ። ዋናው ፈጠራው የመጣው ግን በ1868 የሆቴል ኩፖን ሲያስተዋውቅ ነው። ኩፖኑን የያዘ ሰው ከቡድኑ ጋር ቢሆን ባይሆን፣ ቋንቋ ቢያውቅ ባያውቅ፣ የተዋዋለው ሆቴል ወረቀቱን ተቀብሎ ያሳድረዋል። በ1869 ኩክ ራሱ ግብፅና ፍልስጤም ቡድን መርቶ ሄደ። ቀድሞ ዋስ የነበረው ገዳም ነው፤ አሁን ዋሱ አንድ ኩባንያ ሆነ። ይህን ማቃለል አልሻም፤ ገዳም የማያስገባቸው ሴቶች፣ ሃይማኖታቸው ሌላ የሆነ፣ ዘመድ የሌላቸው ሁሉ ያን ጊዜ ነው ከቡድን ኋላ መቅረት የቻሉት። የቀረውም ነገር አለ፤ ሆቴሉ እንግዳውን ሒሳቡን ከመክፈል በቀር ምንም አይጠይቀውም፣ ስለዚህም ፖትከን በሮም እንዳገኘው ዓይነት አስተማሪ ሆቴል ውስጥ አይገኝም።

የእኛዎቹ በዚያው ዘመን ያደረጉት ለየት ይላል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ መሬት አስገዝተው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ማሠራት ጀመሩ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመች። መንገዱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። እቴጌ ጣይቱ፣ በኋላም ንግሥት ዘውዲቱ በከተማው ቤት አሠሩ፤ ኪራዩ ለማኅበሩ መተዳደሪያ ሆነ። በኢየሩሳሌም የሚገኘውን የዴር ሱልጣን ገዳም በሚመለከት ከግብፃውያን ጋር ያለው ክርክር ይህን ያህል የሚመርረውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል፤ ገዳሙ የጸሎት ቦታ ከመሆኑም ሌላ ተሳላሚ የሚቀርበት ቤት ነው። ቁልፍ ያጣ ማኅበር እንግዳ መቀበል አይችልም።

አሁን በስልክ አልጋ ይያዛል፣ በስልክ ይተረጎማል፤ ቤቱ ምን ያደርጋል ለሚል የመጨረሻ መልሴ አጭር ነው። ስልክ የማይሰጠው ነገር ፈቃድ ነው። የቡድን ቪዛ ከቡድኑ ጋር ያልቃል፤ የሐጅ ቪዛም የመውጫ ቀን አለው። ዛሬም ሦስት ቀን ለመቅረት የሚፈልግ ሰው የሚጠየቀው የት ታርፋለህ፣ ማን ያውቅሃል ተብሎ ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፦ ሮም ወይም ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ከቡድን የሚቀር አበሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው ሆቴል አይደለም፤ የአክስት ልጅ ሳሎን ነው። ያቺ ሳሎን የቅዱስ እስጢፋኖስ ታናሽ እህት ናት፤ ቁልፍ ትሰጣለች፣ የትኛው አውቶቡስ እንደሚሻል ትናገራለች፣ በለውጡም የበርበሬ ጓዝ ትቀበላለች። ችግሩ ዘመድ የሌለው ተሳላሚ ጋ ነው። ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ሰው የምታደርሱ ማኅበራትና ድርጅቶች፣ ውላችሁ የመነሻና የመመለሻ ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያልበረረበትን ቲኬት ዋጋ የሚመልስ ማግኘትም ከባድ ነው። የቬኒሱ መርከበኛ በ1483 የጻፈውን አንድ አንቀጽ እናንተም ጻፉት፦ መቅረት የሚፈልግ ሰው ስንት ቀን ሊቀር እንደሚችል፣ ማን እንደሚቀበለው፣ ከከፈለው ስንት እንደሚመለስለት።